በግራ በኩል ያለችው ከድጃ

ከድጃ ሰይድ እጇን በፈላ ዘይት ያቃጠለች ቀን ባሏ «ምን አሳቀሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ሳምቡሳ እየጠበሰች ነበር። መጥበሻው ተንሸራተተና ዘይቱ ከእጅ አንጓዋ ጀምሮ ወደ ላይ ተረጨባት። ከማድ ቤት ወጥታ ይመር ከተቀመጠበት ወንበር በስተግራ ቆመች፤ የተቃጠለውን ክንዷን በደህናው እጇ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። ይመር ቀና ብሎ ወደ እሷ አየ። ፊቱ ፈካ አለ።

«ምን አሳቀሽ? ንገሪኝና እኔም ልሳቅ እንጂ።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። ይመር ቀልድ ይወዳል፤ በአርባ አንድ ዓመት ትዳራቸው ያልቀለደበት ነገር ቢኖር ሞት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ጊዜ አጥቶ ነው። ግን ቀልድም ቦታ አለው።

«ተቃጠልኩ እኮ ይመር» አለችው።

«አይዞሽ፣ ምንም አልሆንሽም። ይኸው እያየሁሽ» አለና ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ ሰደደው፤ አየሩን በፍቅር መታ መታ አደረገው። እሷ የቆመችው ከዚያ አንድ ክንድ ራቅ ብላ ነበር።

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ደሴ ላይ በባዶ ዓይኑ የሚሄድ ሰው ከተገኘ፣ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ እንደ ከድጃ ዓይኑ ደርብ አልቀበል ያለው ነው። ደርብ ሰው ሁሉ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑ ላይ የሚያኖራት፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የቀጠነች ነገር ናት። የማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ቀለም ከተቀባ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በደርብ ላየው ግን ትናንት የተቀባ ነው። ጦሳ ተራራ በጋ ከክረምት አረንጓዴ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ቲማቲም ሁሉ ቀይ ስለሆነ ገዢው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ እየጫነ፣ እያሸተተ ነው የሚመርጠው። ሰውም ሰውን የሚያየው ታጥቦና ተበጥሮ ነው። ነገሩ ክፋት የለበትም፤ ሰው ለምዶታል።

ከድጃ ሠላሳ ዓመት መናኸሪያ ትኬት የቆረጠች ሴት ናት። ደርብ ስታደርግ ዓይኗ ያለቅሳል፤ ስለዚህ ትታዋለች። በዚህ የተነሣ ጎረቤቶቿ ጥቂት ይሸሿታል፤ ጣሪያሽ ዝጓል፣ አጥርሽ ሊወድቅ ነው እያለች ሰው ያላየውን የምትናገር እሷ ብቻ ናትና።

ይመር ግንበኛ ነበር። ቤት በማሽን መታተም ከጀመረ በኋላ እንኳ ከሥራው አልወጣም፤ የታተመውን ግድግዳ በቱምቢና በውሃ ልክ እየለካ ቀጥ ማለት አለማለቱን የሚመሰክር እሱ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን አንድ ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ወደቀ። የአንጎል ደም ሥር ነው ተባለ። ነፍሱ ተረፈች፤ አፉም አልተያዘም፤ ከድጃ አልሐምዱሊላህ ብላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት አልጋው ላይ ተቀምጦ ሰገደ። ሲጨርስ ፊቱን ወደ ቀኙ አዙሮ አሰላሙ ዓለይኩም አለና ጋደም አለ።

«የግራውስ?» አለችው።

«ሰጠሁ እኮ።»

«አልሰጠህም፣ ወላሂ።»

«ከድጃ፣ ከእኔና ካንቺ የሰገደው እኔ ነኝ» አለ፤ እንደመናደድ ብሎ።

ያኔ ነው አንድ ነገር እንደጎደለ የገባት። ከዚያ በኋላማ በየቀኑ ታይ ጀመር። ጺሙን ግማሹን ላጭቶ መስታወቱን «ጥሩ ነው» ይለዋል። ኮቱን በአንድ እጅጌ ለብሶ ሊወጣ ይነሣል። ትሪው ሲቀርብለት የቀኙን ገጽ ብቻ በልቶ ጠገብኩ ይላል፤ ትሪውን ስታዞርለት ደግሞ «አሃ፣ ጨመርሽ?» ብሎ እንደገና ይበላል። ከድጃ አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ማድ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። እሱን ግን ምንም አልጎደለውም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ፤ ለይመር ግራ የሚባለው አገር ካርታው ላይ አልነበረም።

ዶክተር ሐያት የምትባል ወጣት ሐኪም በደንብ አስረድታታለች። «ዓይናቸው ጤነኛ ነው፣ እትዬ ከድጃ። የተጎዳው ቀኝ ፓራይታል የሚባለው የአንጎላቸው ክፍል ነው፤ ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ ወደ ኋላ። እሱ ነው ዙሪያችን ያለውን ቦታ የሚይዝልን፣ በተለይ የግራውን። ዓይን ያመጣለታል፤ ተቀባይ የለም።»

«መኪናው አለ፣ ትኬት መቁረጫው ተዘግቷል በይኛ» አለች ከድጃ።

«እንደሱ ነው» አለች ዶክተሯ፤ ከዚያ ወዲያ ለሌሎች በሽተኞችም እንዲሁ እያለች ማስረዳት ጀመረች።

በታኅሣሥ ወር ለይመር ሙሌት ተገጠመለት። ሙሌት ደርቡ ላይ የሚጨመር ነገር ነው፤ የጠፋውን ግራ አምጥቶ አንጎሉ በሚቀበልበት በኩል ያሰልፍለታል። ተአምር ነበር ማለት ይቻላል። በዚያው ቀን ይመር ሁለቱንም እጅጌ አጥልቆ፣ ሁለቱንም ቁልፍ ቆልፎ፣ በበሩ መሐል በቀጥታ ወጣ። ከድጃ ቤተ ዘመዱን ሁሉ ጠርታ አበላች። ሙሌትን የሠሩትን ሰዎች ስማቸውን ባታውቅም እስከዛሬ በዱዓዋ አትረሳቸውም።

የተቃጠለ ክንዷን አሳሽጋ ዶክተር ሐያት ዘንድ የሄደችው ዘይቱ ባቃጠላት ማግስት ነው። የሆነውን ነገረቻት። ዶክተሯ አዳመጠችና ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ስክሪን አዞረችላት።

«ጋሽ ይመር በግራቸው የሚያዩት ይህን ነው» አለች።

ስክሪኑ ላይ ሳሎናቸው አለ። ቁም ሳጥኑ አለ፤ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ደግሞ ከድጃ ሰማያዊ ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። ጉንጯ ሞላ ያለ ነው። በስሱ ፈገግ ብላለች። ከድጃ ራሷን አየቻት፤ ሴትዮዋም የምታያት መሰላት።

«መቼ የተነሣ ነው?»

«ሙሌቱ የተገጠመ ዕለት። ታኅሣሥ ሰባት።»

ሁለቱን ቁልፎች ሲቆልፍ አይታ የሳቀችው ሳቅ ነው። አወቀችው።

«ጋሽ ይመር ሲደነግጡ የደም ግፊታቸው ይወጣል» አለች ዶክተሯ። «ሙሌቱ የሚያስደነግጣቸውን እየለየ ማስቀረት ተምሯል። መጀመሪያ የሞተር ብስክሌት ነበር፣ ከዚያ ውሻ። ከመጋቢት ጀምሮ ደግሞ...»

«እኔን ነው ያስቀረው።»

«እርስዎን አይደለም። ሐዘንዎን ነው።»

መጋቢት ላይ ነበር ከድጃ አንገቷ ላይ ያበጠው ነገር ምን እንደሆነ የተነገራት። ሐምሌ አሥራ አምስት፣ ረቡዕ፣ ኦፕራሲዮን ትገባለች። ዶክተሮቹ ተስፋ አለው ብለዋታል፤ ተስፋ አለው የሚባለው መቼ እንደሆነ ግን ያውቁታል፣ እሷም ታውቀዋለች። ከመጋቢት ወዲህ አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሳለች። ቀሚሶቿን ሁሉ አስጠብባለች። ሠመራና ኮምቦልቻ ያሉት ልጆቿ በደርብ እየደወሉ «እማ፣ አምሮብሻል» ይሏታል።

ለይመር ነግራዋለች። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አራት ጊዜ። በየጊዜው በጥንቃቄ ያዳምጣትና ወደ ግራው አየት አድርጎ ይስቃል። «ኧረ በአላህ፣ ምን ሆንሽ? ይኸው እያየሁሽ። እንደውም ወፈር ብለሻል። ሐኪሞቹ ሥራ ፈትተው ነው።» ማየት ማመን ነው። አርባ አንድ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ቃሏ በባሏ ዓይን ፊት ምንም እንዳልሆነ ከድጃ ያኔ ነው ያወቀችው።

«ገበያ ስሄድስ?» ብላ ጠየቀች። «እዚያ ወንበሩ ላይ ማንን ነው የሚያየው?»

ዶክተር ሐያት ስክሪኑን መልሳ ወደ ራሷ አዞረችው። «ያኔም እርስዎ አሉ። ብቻቸውን አይተዋቸውም።»

ከድጃ ስታስበው እውነት ነው። ከመጋቢት ወዲህ ይመር «የት ቆየሽ?» ብሏት አያውቅም። እሷ ደግሞ ዕድሜው አረጋጋው ብላ ደስ ብሏት ነበር።

ለሙሌት ክፍል ማመልከቻ ጻፈች። መልሱ በዚያው ቀን መጣ። በታካሚው ቤት በቋሚነት የተመዘገቡ ነገሮች ዝርዝር ተያይዞ ነበር፤ ቁም ሳጥን፣ የማድ ቤት በር፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ባለቤት። ከሥሩ «የታካሚውን እርጋታ የሚቀንስ ለውጥ ማስተናገድ አንችልም። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ከድጃ ከቁም ሳጥንና ከሰዓት ጋር መቆጠሯ አላናደዳትም፤ ያናደዳት ቁም ሳጥኑ ከእሷ መቅደሙ ነው።

መፍትሔው ቀላል መሰላት። እሱ በቀኙ እንደሆነ በደህና ያያል፤ ስለዚህ በቀኙ እቀመጣለሁ አለች። እሑድ ለምሳ ትሪውን አቅርባ፣ አርባ አንድ ዓመት የተቀመጠችበትን ቦታ ትታ፣ ዞራ በቀኙ ተቀመጠች።

ይመር አያት። ከዚያ ወደ ግራው አየ። ከዚያ እንደገና አያት። ወዲያው ከወንበሩ ብድግ አለና አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ኖር!» አለ። «እንግዳ መምጣቱንም አልሰማሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ከድጃ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ይመር፣ እኔ ነኝ» አለች።

«ድምፅዎ ቁርጥ የእሷን! ዘመዷ ነዎት?» ብሎ ተቀመጠና ትሪውን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። «ይብሉ እንጂ። ከድጃ፣ ለእንግዳዋ ውሃ አምጪላቸው።»

በግራ ያለችው ሴትዮ ውሃ ማምጣት አትችልም። ከድጃ ተነሥታ ለራሷ ውሃ አመጣች። ይመር አመስግኖ ተቀበላትና መልሶ ለእሷው አቀረበላት። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት ባል እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ለእሷም ደግ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ደግነት ከተሞሸሩበት ዓመት ወዲህ አላየችም። ሥጋውን እየመረጠ በእሷ በኩል አደረገላት። ጎረሰችለት። አላኘከችውም፤ ዝም ብላ ዋጠችው።

«ዘመዷ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

ይመር ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው እርስዎ ቢመክሯት ጥሩ ነው። ሰሞኑን ታምሜያለሁ እያለች ራሷን ታስጨንቃለች። እስቲ ይዩዋት፣ የታመመ ሰው እንዲህ ያምርበታል?»

ከድጃ ባዶውን ወንበር አየችው። ቀናች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ግን በዚያች ደቂቃ በታኅሣሥ ሰባቷ ከድጃ ቀናች፤ ጣውንት ብትሆን እንኳ ጸጉሯን የሚጎትቱት ሰው ይኖር ነበር።

«ያምርባታል» አለችው።

ከምሳ በኋላ ክንዱ ላይ የታሰረው የግፊት መለኪያ ጮኸ። ይመር ሁለት ከድጃ የማየቱን ነገር አፉ ባይናገረውም ልቡ ፈርቶት ነበር። ከድጃ ዕቃውን አነሣሣችና ተመልሳ በግራው ተቀመጠች። ግፊቱ ወረደ።

በማግስቱ ዶክተር ሐያት ፊት ስትቀርብ የመጣችበት ነገር አንድ ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቼ ልወጣም ላልወጣም እችላለሁ። ከመግባቴ በፊት ባሌ አንድ ጊዜ እንዲያየኝ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዶክተሯ ደንቡን አገላብጣ አንድ ቀዳዳ አገኘች። በቀን አንድ ሰዓት፣ ቤት ውስጥ፣ ሰው አጠገቡ ካለ፣ ታካሚ ደርቡን ማውለቅ ይፈቀድለታል። ወረቀቱን ፈረመችላት።

«ግን ይወቁት» አለች። «ደርቡ ሲወልቅ ያችኛዋም ትጠፋለች፣ እርስዎም ይጠፋሉ። ግራው ባዶ ነው የሚሆነው፤ ባዶ መሆኑን ደግሞ እሳቸው አያውቁትም። ጎድሎሃል ብለው ቢነግሯቸው አያምኑዎትም። በቀኛቸው ልቀመጥ ቢሉም ያው እንደ እሑዱ እንግዳ ነው የሚያደርጉዎት፤ የእርስዎ ቦታ ግራው መሆኑን ያውቃሉ። ራሳቸው ፈልገው እዚያው ቦታዎ ላይ ማግኘት አለባቸው።»

«የሌለ ነገር እንዴት ይፈለጋል?»

«ድሮ ደርብ ሳይመጣ ሐኪሞች የሚያስተምሩት ዘዴ ነበር። ወደ ግራ ዙር ቢባሉ አይሆንላቸውም። ወደ ቀኝ ግን ይዞራሉ። በቀኝ በኩል ሙሉ ዙር ከዞሩ ግራቸው የነበረው ሁሉ በቀኛቸው ይመጣል። ችግሩ ሰውየው ለምን እንደሚዞር ማመን አለበት።»

ለረቡዕ ዘጠኝ ቀን ቀርቶ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ይመር ደርቡን አውልቆ ትንሿ የደርብ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠና ዙሪያውን አየት አየት አደረገ። «ያው ነው እኮ» አለ። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ሲሄድ ግራ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተላተመ። «ይህን በር ማን ነው ያጠበበው?» ብሎ ተቆጣ። በሁለተኛው ቀንም ያው በር፣ ያው ትከሻ። ለምሳ ሥጋው በግራ ስለነበር «ዛሬ ሽሮ ብቻ ነው?» አለ፤ ቅር ብሎት በላ።

«ከድጃ፣ የት ነሽ?» ይላል ቀኙን ቀኙን እያየ።

«እዚህ ነኝ። በግራህ።»

«ግራዬን አየሁት። የለሽም።»

«ዙርና ፈልገኝ። በቀኝ በኩል ሙሉ ዙር ዙር።»

«ከድጃ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ቡሄ ልጅ ልሽከርከር?» ይስቃል፤ ደስተኛ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ደርቡን ያደርጋል፤ ፈገግ ያለችው ሴትዮ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ይመርም «መጣሽ? እዚያ ማድ ቤት ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» ይላታል።

በአምስተኛው ቀን ከድጃ ተስፋ ቆረጠች። ጮኸችበት። ካገባችው ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሁሉ፣ ከበሽታው ጋር ምንም የማይገናኘውን ጭምር፣ ወንድሙ ሠርግ ላይ ያደረጋትን ሳይቀር አወጣችበት። ይመር ባዶውን ቀኙን እያየ አቀርቅሮ ሰማትና «ድምፅሽ ደክሟል፣ ተኚ» አላት። ተኛች። በስድስተኛው ቀን ደርቡን እንኳ አላስወለቀችውም።

ሰኞ ዕለት ለሐኪም ቤት የምትይዘውን ልብስ ስታዘጋጅ ከአልጋው ሥር የይመርን የሥራ ከረጢት አገኘች። ቱምቢው፣ ውሃ ልኩ፣ የተጠቀለለ ስፓጎ ገመዱ። ገመዱን አውጥታ በእጇ ይዛ ትንሽ ተቀመጠች። ይመር ከዓይኑ የበለጠ የሚያምነው ነገር በዚህ ዓለም ላይ ቢኖር ይህ ነው። ከስንት መሐንዲስ ጋር የተጣላው በዚህ ምክንያት ነበር።

ከዓሥር ሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ደርቡን አስወልቃ ጠረጴዛው ፊት አስቀመጠችው። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ወጥራ ዘረጋችለት።

«መሐሉን ምልክት አድርግልኝ። መጋረጃ ልሰቅል ነው።»

ይመር ሥራ በመታዘዙ ደስ አለው። «ለመሐል ሜትር አልፈልግም» አለ፤ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ እንደሚያወጣ ሰው እጁን ወስዶ ባዶ ሲሆንበት ከድጃ እርሳስ ሰጠችው። ገመዱን አየ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ምልክቱን አደረገ። ከቀኙ ጫፍ አንድ ስንዝር ላይ።

ከድጃ ሁለቱን ጫፎች አንስታ በቀኝ እጁ አስያዘችው።

«እጠፈውና እየው።»

የታጠፈው ገመድ ከእጁ ወደ ታች ተንጠለጠለ። መሐሉ ታች፣ እጥፋቱ ላይ መሆን ነበረበት። የእርሳሱ ምልክት ግን እላይ፣ ከጣቱ ሥር ነበር። ይመር ምልክቱን አየው፣ እጥፋቱን አየው።

«ሲነሣ ተንሸራትቷል» አለ።

እንደገና ዘረጋችው። እንደገና ምልክት አደረገ፤ በዚህኛው ጊዜ ተጠንቅቆ፣ ትንፋሹን ይዞ። እንደገና ታጠፈ። ምልክቱ ያንኑ ቦታ ላይ ነበር። ሦስተኛውን ጊዜ «አምጪ» ብሎ ራሱ ተቀበላትና ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር በአውራ ጣቱ እየደፈቀ ወጠረው። ሲያጥፈው ምልክቱ ያው ከጣቱ ሥር ነበር።

ከድጃ በግራው ቆማ ታየዋለች። አንድ ግንበኛ የገመድ መሐል ሲጠፋው ማየት ደስ የሚል ነገር አይደለም። ልትነጥቀውና ተወው ልትለው ምንም አልቀራት።

«ለስንቱ ሠራተኛ ስናገር ኖሬአለሁ» አለ ይመር ቀስ ብሎ። «ዓይን ይሳሳታል፤ ገመድ አይሳሳትም።» የገመዱን ረጅሙን ወገን በጣቶቹ መሐል እያሳለፈ እስከ ጫፉ ሄደ። እንደገና ተመለሰ። «ታዲያ ይህ ሁሉ ገመድ የት ነበር?»

«በግራህ።»

ይመር ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ውጭ ጣሪያው ጫፍ ላይ የቀረው ውሃ ይንጠባጠባል። ሲናገር ድምፁ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር።

«ከድጃ፣ በግራዬ ሌላ ምን አለ?»

ዶክተሯ ቢነግሯቸው አያምኑም፣ ራሳቸው ማግኘት አለባቸው ብላታለች። ከድጃ ከንፈሯን ነከሰች። «ዙርና እይ» አለችው።

ይመር ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ፤ እግሩን ትንሽ ትንሽ እያነሣ፣ ጠባብ መረማመጃ ላይ እንዳለ ሰው። መስኮቱን አየ። የቀን መቁጠሪያውን አየ። የውጭውን በር ሲያይ ቆመ።

«ይኸው ነው፤ አለቀ» አለ።

«ገመዱ አላለቀም» አለችው።

ቀጠለ። ከጀርባው የነበረው ግድግዳ መጣ፤ በእጁ እየደገፈ አለፈው። ቁም ሳጥኑ መጣ። ከድጃ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። አልፎኝ እንዳይሄድ ትላለች፣ ዛሬ ካለፈኝ ሌላ ቀን የለኝም ትላለች በሆዷ። የማድ ቤቱ በር መጣ። ከዚያ ይመር ቆመ።

ብዙ ጊዜ አያት። ከፀጉሯ ጀምሮ እስከ አንገቷ ወረደ፣ አንገቷ ላይ ቆየ፣ ወደ ፊቷ ተመለሰ።

«ከስተሻል» አለ።

ከድጃ አራት ወር ሙሉ ያሰናዳችው ብዙ ንግግር ነበራት። አንዱም አልመጣላትም። «አዎ» አለች።

«በጣም ነው የከሳሽው ከድጃ። ያ ረቡዕ ያልሽኝ ነገር... እውነትሽን ነበር?»

«እውነቴን ነበር።»

«ከነገ ወዲያ ያለው ረቡዕ?»

«እሱ።»

ይመር አለቀሰ። ከድጃ ባሏ ስለ እሷ ሲያለቅስ ስታይ ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም አላፈረችም። ሳጥኗ ውስጥ ያለው ደርብ ሰዓቱ መሙላቱን ለማስታወስ በቀስታ መጮኽ ጀመረ። ልትዘጋው አንድ እግሯን አነሣች።

«አትንቀሳቀሺ» አላት። «እዚያው ሁኚ። ትንሽ ልይሽ።»